በፓርኮች ውስጥ ቁራና ጄይ ለምን ይበዛሉ? ለአንድ አንባቢ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በፓርኮች ውስጥ የእግር መንገድ፣ የድንኳን ማደሪያና የሽርሽር ሥፍራ በበዛ ቁጥር የዱር አራዊት ይሸሻል ሲባል እሰማለሁ። እኔ ግን ሰው በሚሰበሰብበት ቦታ ቁራዎችና ጄዮች ከጫካው መሐል ይልቅ በዝተው አያቸዋለሁ። የሰዎች መዝናናት ለእነዚህ ወፎች ጥቅም ነው ወይስ ጉዳት? ቢበዙስ ምን ችግር አለው?»

ምላሽ፦ ያስተዋሉት ነገር ትክክል ነው፤ የሰሙትም ስሕተት አይደለም። ሁለቱ የሚጋጩ የሚመስሉት «የዱር አራዊት» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ሁሉ ለሰው መምጣት አንድ ዓይነት ምላሽ የሚሰጥ ስለሚመስለን ነው። ብዙ ወፎች የሰው ድምፅና እንቅስቃሴ ሲበዛባቸው ይርቃሉ፤ ጄይን የሚጨምረው የቁራ ቤተሰብ ግን ሰውን የሚመዝነው በአንድ በኩል ከሚያደርስበት ጉዳት፣ በሌላ በኩል ከሚጥልለት ምግብ አንጻር ነው። በፓርክ ውስጥ ጉዳቱ እምብዛም ነው፤ ምግቡ ግን ብዙ ነው። ስለዚህ በአጭሩ ለመመለስ፣ ቁራንና ጄይን የሚያበዛቸው የጎብኚው ቁጥር ራሱ ሳይሆን ጎብኚው የሚተወው ምግብ ነው፤ ዕዳውን የሚከፍሉት ደግሞ በአብዛኛው ቁራዎቹ ሳይሆኑ በዙሪያቸው ጎጆ የሠሩ ሌሎች እንስሳት ናቸው። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማስረዳት ነው።

ጄይ የቁራ የቅርብ ዘመድ ነው። በመጠኑ ከቁራ ያንሳል፤ ብዙዎቹ ዝርያዎች ሰማያዊ ወይም ግራጫ ላባ አላቸው። ሁለቱንም የሚያመሳስላቸው ያገኙትን ሁሉ መብላታቸው፣ የማስታወስ ችሎታቸውና ከሚበሉት የተረፈውን ደብቀው ማስቀመጣቸው ነው። ይህ የመደበቅ ጠባይ ለጥያቄዎ ከሚታሰበው በላይ አስፈላጊ ነው። አንድ ጄይ ከሽርሽር ጠረጴዛ ላይ ኦቾሎኒ ሲያነሣ ልብ ብለው ይመልከቱት፦ መጀመሪያ ከቅርንጫፍ ላይ ሆኖ ያጠናል፤ ከዚያ ዘልሎ ይወርድና አንዱን ፍሬ በምንቃሩ አንሥቶ ክብደቱን የሚለካ ይመስል ይወዘውዘዋል፤ ጥሎት ሌላውን ይሞክራል፤ የመረጠውን ይዞ ጥቂት ሜትሮች ይበርና መሬት ውስጥ ወይም የዛፍ ቅርፊት ሥር ይወትፈዋል፤ ወዲያው ይመለሳል። ጠግቦ የሚሄድበት ጊዜ የለም፤ ምክንያቱም የሚሰበስበው ለሆዱ ብቻ ሳይሆን ለጎተራውም ጭምር ነው። አንድ ቤተሰብ ረስቶት የሄደው የኦቾሎኒ ከረጢት እንዲህ ያለውን ወፍ ረፋዱን ሙሉ ከዚያ ቦታ እንዳይርቅ ሊያደርገው ይችላል፤ የእርሱን መመላለስ ያዩ ሌሎች ጄዮችም ይከተሉታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለብን። በአንድ ቦታ ብዙ ወፍ መታየቱ ብቻ የወፉ ቁጥር በአካባቢው መጨመሩን አያረጋግጥም። ወፎቹ ከሰፊ ጫካ ተጠራርተው ወደ አንድ ማዕድ መጥተው ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ የተለወጠው ብዛታቸው ሳይሆን የሚውሉበት ሥፍራ ነው። ወይም ደግሞ ምግቡ ክረምትን እንዲሻገሩና ብዙ ጫጩት እንዲያሳድጉ አድርጓቸው በእርግጥ ተራብተው ይሆናል። በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት የኦሎምፒክ ባሕረ ገብ መሬት ላይ በቁራዎች፣ ሬቨን በሚባሉት ትልልቅ ቁራዎችና በስቴለር ጄዮች ላይ የተካሄደ የታወቀ ጥናት ይህን ጉዳይ በሬዲዮ ምልክት ጭምር ተከታትሎታል። ወደ ሰው መኖሪያና ወደ ካምፕ ሥፍራ በቀረቡ መጠን የቁራዎቹና የሬቨኖቹ የመዋያ ክልል ጠብቦ ተገኝቷል። ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ በሰፊ ጫካ ተበትኖ የሚገኘውን ምግብ ለመልቀም ብዙ መብረር የነበረበት ወፍ፣ ገበታው ሲቀርብለት በትንሽ ቦታ ይኖራል፤ ለአንድ ጥንድ ይበቃ የነበረው መሬትም ብዙ ጥንዶችን ያስተናግዳል።

በካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ በሚገኙት የሬድዉድ (እጅግ ግዙፍ የሆኑ ዛፎች) ጫካዎች የተሠራው ሥራ ደግሞ ከዚህም ርቆ ይሄዳል፤ በግሌ ከዚህ ዘርፍ ጥናቶች ሁሉ ይበልጥ አሳማኝ ሆኖ ያገኘሁት ይህን ነው። ተመራማሪዎቹ ጄይ ምን እንደበላ ለማወቅ ሲበላ ቆመው ማየት አላስፈለጋቸውም፤ አካሉን መረመሩ። በቆሎና ሸንኮራ አገዳ ካርበንን ከአየር የሚወስዱበት መንገድ ከጫካው ዛፎች ስለሚለይ፣ ካርበን 13 የሚባለው ከበድ ያለ የካርበን ዓይነት በእነርሱ ውስጥ በብዛት ይገኛል። ሰው ወደ ካምፕ ይዞት የሚመጣው ብስኩት፣ ጣፋጭ መጠጥ፣ የበቆሎ ጥብስና በበቆሎ መኖ ያደገ እንስሳ ሥጋ ሁሉ ይህን ምልክት ይይዛል። ወፉ የበላው ነገር ወደ ላባውና ወደ ደሙ ስለሚገባ፣ ከአንድ ላባ ተነሥቶ ያ ጄይ ከጫካ ምን ያህል፣ ከሰው ጠረጴዛ ምን ያህል እንደተመገበ መገመት ይቻላል። ውጤቱም በካምፕ ሥፍራ ዙሪያ የሚኖሩት ጄዮች ምግባቸው በከፍተኛ ደረጃ የሰው ምግብ እንደነበረ፣ የአካል ይዞታቸውም ከሩቆቹ የተሻለ እንደነበረ፣ ክልሎቻቸው ተደራርበው ተጨናንቀው እንደሚኖሩና ብዙ ልጆችም እንደሚያፈሩ አሳይቷል። እንግዲህ እዚያ የታየው መጠራራት ብቻ አልነበረም፤ የካምፕ ሥፍራው ጄይ የሚፈለፈልበት ቦታ ሆኖ ነበር። የተፈለፈሉት ወጣት ወፎች ደግሞ ሁሉም እዚያው ሊቀሩ አይችሉም፤ ክልል ፍለጋ ወደ ዙሪያው ጫካ ይሠራጫሉ። ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ወፍ ድጎማ የሚያገኝ አዳኝ ይሉታል፤ አባባሉ ነገሩን በደንብ ይገልጸዋል፤ ምክንያቱም ድጎማው ባይኖር ኖሮ ጫካው ያን ያህል ቁጥር አይሸከምም ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ፤ ቢበዙስ ምን ችግር አለው? በእነዚሁ ሬድዉድ ጫካዎች ውስጥ ማርብልድ መርሌት የምትባል ትንሽ የባሕር ወፍ ጫጩት ታሳድጋለች። ዕድሜዋን የምታሳልፈው በባሕር ላይ ዓሣ እያጠመደች ነው፤ እንቁላል የምትጥለው ግን እንደ ሌሎቹ የባሕር ወፎች በገደል ላይ ሳይሆን፣ በአሥር ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር መንገድ ወደ የብስ ዘልቃ ገብታ፣ ዕድሜ ጠገብ በሆነ ግዙፍ ዛፍ ሰፊ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ለስላሳ ምንጣፍ በበቀለ ሞስ ውስጥ ነው። ጎጆዋ እንዲህ የተሸሸገ ከመሆኑ የተነሣ ሳይንስ በሰሜን አሜሪካ ዛፍ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ ያንንም ያገኘው በካሊፎርኒያ ቢግ ቤዝን በሚባለው ፓርክ ውስጥ ዛፍ ላይ ወጥቶ ይሠራ የነበረ ሰው ነበር እንጂ ወፍ አጥኚ አልነበረም። መርሌት በአንድ የመራቢያ ወቅት የምትጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ነው። ወላጆቹ በየተራ ለአንድ ወር ያህል ይታቀፉታል፤ ተራ የሚለዋወጡትም ጎሕ ሲቀድ፣ ብርሃኑ ገና ደብዛዛ ሳለ ነው። ጫጩቱ ከተፈለፈለ በኋላ ግን ሁለቱም ዓሣ ፍለጋ ወደ ባሕር ስለሚሄዱ፣ ቀኑን ሙሉ ብቻውን በቅርንጫፉ ላይ ሳይንቀሳቀስ ይጠብቃቸዋል።

ጄይ የመርሌትን ጎጆ ሆን ብሎ አይፈልግም። በጫካው ውስጥ እንደ ልማዱ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እየዘለለ ነፍሳትና ፍሬ ሲለቅም በአጋጣሚ ይደርስበታል፤ ካገኘው ግን እንቁላሉንም ሆነ ጫጩቱን ይበላል። ጉዳቱ የሚመጣው ከስሌቱ ነው። በአንድ ጫካ ጥቂት ጄዮች ሲኖሩ አጋጣሚው ጠባብ ነው፤ ቁጥራቸው ሲበዛ ግን እያንዳንዱ ቅርንጫፍ በየቀኑ በአንዱ ወይም በሌላው ዓይን ይፈተሻል፤ አንድ እንቁላል ብቻ የምትጥል ወፍ ደግሞ ይህን ኪሳራ የምታካክስበት መንገድ የላትም። ማርብልድ መርሌት በዋሽንግተን፣ በኦሪገንና በካሊፎርኒያ የመጥፋት ሥጋት ካለባቸው እንስሳት ተርታ በፌዴራል ሕግ የተመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ዋናው ምክንያት የትልልቅ ዛፎች መቆረጥ ነበር፤ ነገር ግን ከመጥረቢያ የተረፉት ጫካዎች በአብዛኛው ፓርኮች፣ ፓርኮቹም የካምፕ ሥፍራ ያለባቸው መሆናቸው ወፏን ከአንድ ችግር አውጥቶ ከሌላው ጋር አፋጥጧታል። ይህን ስጽፍ ማንንም ለመውቀስ አይደለም። እነዚያን ዛፎች ሊያይ የሚመጣ ሰው ጫካውን የሚወድ ሰው ነው፤ ለጄይ ብስኩት የሚወረውረውም ወፉን ስለሚወደው ነው። ሦስት መቶ ሜትር ርቆ በቅርንጫፍ ላይ የተኛውን ጫጩት ግን አያየውም፤ የሚነግረው ሰው ካልኖረ በቀርም ሊያውቅ አይችልም።

ታሪኩ በአንድ ጫካ የተወሰነ አይደለም። በስኮትላንድ ኬርንጎርም ተራራ ላይ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የበረዶ መንሸራተቻ ሊፍቶች ሲዘረጉ፣ ቀድሞ በዚያ ከፍታ እምብዛም የማይታዩ ቁራዎች ጎብኚዎች የሚጥሉትን ፍርፋሪ ተከትለው ወጡ፤ ታርሚጋን የሚባሉት የተራራ ቆቆችም እንቁላላቸውንና ጫጩቶቻቸውን ተነጠቁ፤ ከሊፍቱ ሽቦ ጋር እየተጋጩ የሞቱትም ጥቂቶች አልነበሩም። በጀርመን ባቫሪያ አልፕስም ምግብ በሚሸጡ የተራራ ጎጆዎች ዙሪያ ቁራዎች በዝተው እንደሚገኙ ተመዝግቧል። በሞሃቬ በረሃ ሬቨኖች በከፍተኛ መጠን ጨምረዋል፤ ቅርፊታቸው ገና ያልጠነከረ የበረሃ ኤሊ ልጆችን ወግተው ይበላሉ። እዚያ ግን መዝናኛ ከብዙ ምክንያቶች አንዱ ብቻ መሆኑን መናገር ተገቢ ነው፤ የቆሻሻ መድፊያዎች፣ መንገድ ላይ በመኪና የሚገጩ እንስሳት፣ ሰው ሠራሽ ኩሬዎችና ጎጆ የሚሠሩባቸው የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች ድርሻቸው ከፍተኛ ነው።

ምግብ የማይጣልበት የእግር መንገድስ? በዚህ ላይ መረጃው እንደ ካምፕ ሥፍራው የጠራ አይደለም፤ ቢሆንም በኮሎራዶ ቦልደር አካባቢ በወንዝ ዳር ጫካ የተደረገ አንድ ሙከራ አስተማሪ ነው። አጥኚዎቹ ሰው ሠራሽ ጎጆዎችን ከእግር መንገዱ ቀርቦና ርቆ አስቀምጠው የሸክላ እንቁላል ጨመሩባቸው። ሸክላው ለስላሳ በመሆኑ የነካውን ሁሉ ምልክት ይይዛል፤ የወፍ ምንቃር ጠባብ ስንጥቅ ሲተው፣ የአይጥ ጥርስ ደግሞ ጎን ለጎን የተጋደሙ ጫሮችን ይተዋል። በመንገዱ አቅራቢያ የነበሩትን ጎጆዎች ወፎች ይበልጥ ሲያጠቁ፣ አጥቢ እንስሳት ግን ከመንገዱ መራቅ አዘንብለው ተገኝተዋል። ሰው አንዱን አዳኝ ሲያርቅ ለሌላው በር ሊከፍት ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ «መንገዱ ጎጂ ነው» ወይም «መንገዱ ጠቃሚ ነው» የሚል አጠቃላይ ፍርድ አልሰጥም፤ በዚያ ቦታ ጎጆ የሚያጠፋው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ መልሱ አይታወቅም።

እስካሁን የተናገርኩት ከሰው ጋር መኖር ስለለመዱት ዝርያዎች ነው። ከጄዮች መካከል ግን የሰው ምግብ የማይበጃቸው አሉ፤ ይህ የጥያቄዎ ክፍል ብዙ ጊዜ ስለሚዘነጋ ትንሽ ልቆይበት። የፍሎሪዳ ስክራብ ጄይ እ.ኤ.አ. በ1987 የመጥፋት ሥጋት እንዳለበት የተመዘገበ፣ በፍሎሪዳ ብቻ የሚገኝ ወፍ ነው። ሰውን ስለማይፈራ እጅ ላይ ወጥቶ ኦቾሎኒ ይወስዳል። የሰው ምግብ እንደ ልብ በሚያገኙባቸው መንደሮች ዙሪያ የሚኖሩት ከዱሮቹ ቀድመው እንቁላል ይጥላሉ፤ ለትልቁ ወፍ ኦቾሎኒ ይበቃዋል፤ ጫጩት ግን የሚያድገው በአባጨጓሬና በሌሎች ለስላሳ ነፍሳት ነው። ቀድመው የተፈለፈሉት ጫጩቶች ነፍሳቱ በሚፈለጉበት መጠን ሳይገኙ አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ከመካከላቸውም በረኀብ የሚያልቁት ይበዛሉ። ወላጆቹ ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም፤ የሰው እጅ ስለ ወቅቱ የሰጣቸው ምልክት የተሳሳተ ስለሆነ ነው። ከዚህም ሌላ ምግብ ፍለጋ ወደ መንገድ ዳር መውረድን የለመደ ወፍ በመኪና የመገጨት ዕድሉ ሰፊ ነው። ይህን ወፍ ያለ ፈቃድ መመገብ በሕግ የተከለከለው በዚህ ምክንያት ነው።

በካናዳ አልጎንኩዊን ፓርክ የሚገኘው የካናዳ ጄይ ሌላ ምሳሌ ነው። ይህ ወፍ ዓመቱን ሙሉ ከክልሉ አይወጣም፤ በረዶው ሳይቀልጥ፣ በየካቲትና በመጋቢት ጎጆ ይሠራል፤ ይህን ማድረግ የሚችለውም በበጋና በመጸው በሚያጣብቅ ምራቁ እያሸገ በዛፍ ቅርፊት ሥር ባከማቸው ሥጋ፣ እንጉዳይና ፍሬ ነው። በዚያ ፓርክ ለበርካታ አሥርት ዓመታት በቀለበት ምልክት ሲከታተሉት ቁጥሩ ከግማሽ በላይ ቀንሷል። አጥኚዎች የሚያነሡት ዋና ምክንያት የመጸው መሞቅ ነው፤ ያከማቸው ምግብ ሳይቀዘቅዝ ይበሰብስበታል። ጎብኚ በሚያዘወትረው መንገድ ዳር ይህ ጄይ ወደ ሰው እጅ እየመጣ ሲታይ «በዝቷል» ማለት ቀላል ነው፤ ጫካው ውስጥ ግን ክልሎቹ አንድ በአንድ ባዶ እየቀሩ ሊሆን ይችላል። በዓይን ፊት የሚታየው ወፍ ስለማይታየው እንደማይመሰክር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ቁጥራቸው በዝቶ ጉዳት ሲያደርሱ መግደል መፍትሔ ይሆናል ወይ የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይከተላል፤ ስለዚህ ሳይጠየቅ ልመልሰው። ምግቡ በቦታው እስካለ ድረስ መግደል የሚሰጠው ውጤት አጭር ነው። በቁራ ማኅበረሰብ ውስጥ ክልል አጥተው ዙሪያውን የሚዞሩ፣ ገና ጥንድ ያልሆኑ ወፎች ሁልጊዜ አሉ፤ አንድ ክልል ባዶ ሲሆን እነዚህ ወዲያው ይገቡበታል። በተጨማሪም ቁራ የሚያሳድደውን ሰው ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2006 በሲያትል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ የተለየ ጭንብል አድርገው ቁራዎችን ያዙና ምልክት አስረው ለቀቁ፤ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ያን ጭንብል ያደረገ ሰው በግቢው ባለፈ ቁጥር ተይዘው የማያውቁ ቁራዎች ጭምር እየተሰበሰቡ ይጮኹበት ነበር። እንዲህ የሚማርን ወፍ በማስፈራራት ማሸነፍ አድካሚ ነው፤ በትምህርት መቅረብ ግን ይቻላል። በሬድዉድ ብሔራዊና ግዛታዊ ፓርኮች የተሞከረው ይህ ነው፦ ትናንሽ የዶሮ እንቁላሎች እንደ መርሌት እንቁላል በአረንጓዴና ቡናማ ነጠብጣብ ተቀብተው፣ ወፉን ሳይገድል የሚያስመልሰው ንጥረ ነገር ተጨምሮባቸው በጫካው ተቀመጡ። ጄዩ ቀምሶ በደቂቃዎች ውስጥ ያስታውካል፤ ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ ያን መልክ ያለውን እንቁላል አልነኩም። ክልሉን የሚጠብቅ የተማረ ጄይ ያልተማረውን እንግዳ ያባርራል፤ ስለዚህ ወፉን ከማጥፋት ይልቅ በቦታው ማቆየቱ የተሻለ ጥበቃ ሆነ።

ይህም ቢሆን ዋናው መድኃኒት የምግቡን ምንጭ ማድረቅ ነው። ቢግ ቤዝን ውስጥ ጎብኚዎች አንዲት ፍርፋሪ እንኳ እንዳይተዉ የሚያሳስብ ዘመቻ ተካሄደ፤ የሚቆለፉ የምግብ ሣጥኖችና ወፍ የማይከፍታቸው የቆሻሻ ገንዳዎች ተዘጋጁ፤ በየጠረጴዛውም ማስታወሻ ተለጠፈ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የጄዮቹ ብዛት ቀነሰ፤ በአካላቸው ውስጥ ይገኝ የነበረው የሰው ምግብ ምልክትም እንዲሁ። እዚህ ላይ ከልምድ አንድ ነገር ልጨምር፦ የፓርክ ኃላፊዎች ዓይናቸውን የሚጥሉት በቆሻሻ ገንዳ ላይ ነው፤ ጄይን የሚመግበው ግን ብዙ ጊዜ ትንሹ ነገር ነው። ሳሕን የሚታጠብበት የውኃ ቧንቧ ሥር የሚቀረው ሩዝ፣ ሕፃን ከወንበሩ ሥር የሚበትነው ብስኩት፣ እሳት በነበረበት አመድ ውስጥ የተጣለ የሥጋ ቅባት፣ በጠረጴዛ ጣውላዎች መሐል የገባ ፍርፋሪ። ለሰው ዓይን ንጹሕ የሆነ ጠረጴዛ ለጄይ ያልተነሣ ማዕድ ነው።

በሚጎበኙት ፓርክ ውስጥ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ራስዎ ማየት ከፈለጉ ይህን ያድርጉ። በካምፕ ሥፍራው ውስጥ ጥቂት ነጥቦችን፣ ከእርሱም ግማሽ ኪሎ ሜትርና ሁለት ኪሎ ሜትር ርቀው ተመሳሳይ ዛፎች ባሉበት ሌሎች ነጥቦችን ይምረጡ። በእያንዳንዱ ነጥብ ማለዳ ላይ ለአሥር ደቂቃ ቆመው ያዩትንና የሰሙትን ቁራና ጄይ ይቁጠሩ፤ አንድን ወፍ ሁለት ጊዜ ላለመቁጠር ከየት ወዴት እንደበረረ ይመዝግቡ። ይህን ፓርኩ ለጎብኚ ከመከፈቱ በፊት፣ ጎብኚ በሚበዛበት ወቅትና ከተዘጋ በኋላ ይድገሙት። ሰው ሲመጣ በካምፑ ጨምሮ በሩቁ ነጥብ ከቀነሰ ወፎቹ ተጠራርተው ነው የመጡት። በሦስቱም ጊዜ በካምፑ ዙሪያ ከፍ ብሎ፣ ከዓመት ዓመትም ወደ ሩቁ ነጥብ እየሰፋ ከሄደ ግን በምግቡ ምክንያት እየተባዙ የመሆናቸው ነገር ጠንካራ ነውና የፓርኩን ኃላፊዎች ያነጋግሩ፤ ሲሄዱም ቁጥሮቹን ብቻ ሳይሆን ወፎቹ ምን ሲያነሡ እንዳዩ፣ ከየትኛው ጠረጴዛና ከየትኛው ቧንቧ ሥር እንደሆነ ጽፈው ይያዙ።